የባትሪ አውቶቡስ የመቶ ዓመት ታሪክ፦ መኪናው እየሠራ አገልግሎቱ ለምን ይቆማል?

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የማይከራከር ሰው የለም። ክርክሩ ወደ ከተማ አውቶቡስ ሲመጣ ሁለት ጎራ ይይዛል። አንዱ ጎራ «ግድቡ አልቋል፣ መብራቱ የራሳችን ነው፣ ናፍጣ በዶላር ከመግዛት አውቶቡሱን ሁሉ በባትሪ መተካት ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ፣ ዳገት በበዛበት መንገድ፣ ያን ሁሉ ሰው ጭኖ በባትሪ? ቀልዱን ተዉት» ይላል። ሁለቱም የሚጋሩት አንድ ስህተት አለ። የባትሪ አውቶቡስን ትናንት የተፈለሰፈ፣ ገና ያልተፈተነ ነገር አድርገው ያዩታል።

ተፈትኗል። ያውም ከመቶ ዓመት በፊት። የፈተናው ውጤትም ከሁለቱም ጎራ ግምት ጋር አይገጥምም። (ከዚህ በታች ስለ ውጭ አገር ሲወራ ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ጁላይ 15 ቀን 1907፣ በእኛ ሐምሌ 8 ቀን 1899 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ከለንደኑ ቪክቶሪያ ባቡር ጣቢያ ወደ ሊቨርፑል ስትሪት ጣቢያ በባትሪ የሚሄዱ አውቶቡሶች መደበኛ አገልግሎት ጀመሩ። ጊዜውን ለመገመት ያህል፦ ዐፄ ምኒልክ በዙፋናቸው ላይ ነበሩ። ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ የገባው ከዚህ ከወራት በኋላ ነው። አዲስ አበባ አውቶሞቢል ምን እንደሚመስል ሳታይ የለንደን ሰው በኤሌክትሪክ አውቶቡስ ወደ ሥራው ይሄድ ነበር።

በዚያን ጊዜ የለንደንን ሕዝብ የሚያመላልሰው በዋናነት ፈረስ ነበር። በፈረስ የሚጎተተው አውቶቡስ መንገዱን በፋንድያ ይሞላዋል። አዲስ የመጡት የቤንዚን አውቶቡሶች ደግሞ ጩኸታቸው ጆሮ ያደነቁራል፣ ጭሳቸው ያፍናል፣ በየመንገዱ ይቆማሉ። ፖሊስ በጩኸታቸው ምክንያት ከመንገድ የሚያስወጣቸው ብዙ ነበሩ። የባትሪው አውቶቡስ በዚህ መሐል ብቅ ሲል እንደ ተአምር ታየ። አይጮኽም፣ አይሸትም። ሠላሳ አራት ሰው ይጭናል።

የባትሪው ክብደት አንድ ቶን ተኩል ነበር። የዘመኑ የሊድ ባትሪ ነው፤ ዛሬ መኪና ለማስነሳት ከምንጠቀምበት ባትሪ ጋር ዘመዳሞች ናቸው። አንዴ ተሞልቶ የሚያስኬደው 60 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ዛሬ እንዲህ ያለ አውቶቡስ ለሽያጭ ቢቀርብ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። የለንደኖቹ ግን ችግሩን በሌላ መንገድ ፈቱት። መስመሩ አጭር፣ በከተማው እምብርት የሚያልፍ፣ ሕዝብ የማይጠፋበት ነበር። ባትሪው ሲደክም አውቶቡሱ ወደ ጋራዥ ይገባል፤ ከሆዱ ስር ያለው የባትሪ ሳጥን በማንሻ ዝቅ ይልና የተሞላ ሌላ ሳጥን ይገባለታል። ይህ ሁሉ ሦስት ደቂቃ ያህል ነው የሚፈጀው። ዛሬ አንዳንድ የቻይና ኩባንያዎች «ባትሪ መቀየሪያ ጣቢያ» እያሉ በኩራት የሚያሳዩት ሥራ ለንደን ውስጥ በ1907 የዕለት ተዕለት ሥራ ነበር።

ባትሪው ደካማ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ መስመሩና ጋራዡ ግን ለዚያ ደካማ ባትሪ ተሠርተዋል። በሌላ አነጋገር ርቀት የሚባለው ችግር መፍትሔ ያገኘው ከኬሚስቶች ሳይሆን ከስምሪት ክፍል ነው።

ታዲያ ለምን ጠፋ? ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ የወንጀል ታሪክ ነው።

አውቶቡሶቹን ያሠማራው የለንደን ኤሌክትሮባስ ኩባንያ በ1906 አክሲዮን ለሕዝብ ሲያቀርብ 300,000 ፓውንድ ለማሰባሰብ ነበር ያቀደው። ለባለ አክሲዮኖች በተሰራጨው ሰነድ ላይ ኩባንያው ለአንድ ባሮን 20,000 ፓውንድ ከፍሎ የፈጠራ መብት እንደሚገዛ ተጽፏል። ጋዜጠኞች ገልጠው ሲያዩት የፈጠራ መብቱ ከባትሪ አውቶቡስ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ወሬው ሲሰማ ገንዘብ ያስገቡ ሰዎች ገንዘባችንን መልሱ አሉ። ኩባንያው ግን አልሞተም፤ ተፍጨርጭሮ በተከታዩ ዓመት አውቶቡሶቹን መንገድ ላይ አወጣ። ከጀርባ ሆኖ ክሩን የሚጎትተው ኤድዋርድ ሌህዌስ የተባለ የመኪና ነጋዴ ነበር፤ ከዚያ ቀደም በመኪና ዓለምን ልዙር ብሎ ተነስቶ መንገድ ላይ የቀረ ሰው ነው። ዘዴው ቀላል ነበር። ከሕዝብ የሚሰበሰበው ገንዘብ አውቶቡስ ለሚሠራው እህት ኩባንያ ይከፈላል፤ ለ50 አውቶቡስ 31,000 ፓውንድ በቅድሚያ ተከፈለ። የመጡት 20 ብቻ ናቸው።

በ1910 መጀመሪያ ላይ አገልግሎቱ ቆመ። በዚያው ዓመት ትልቁ የለንደን አውቶቡስ ኩባንያ በብዛት የሚመረት፣ ርካሽ፣ ከቀደሙት የተሻለ የቤንዚን አውቶቡስ አወጣ። በ1911 የኩባንያው የመጨረሻው ባለ ፈረስ አውቶቡስ ተሰናበተ። መንገዱ ለቤንዚን ተለቀቀ፤ ቀጥሎም ለናፍጣ።

አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ከዚህ ተነስተው «ያ ማጭበርበር ባይኖር ኖሮ የሃያኛው ክፍለ ዘመን ከተሞች ጭስ አያውቃቸውም ነበር» እስከማለት ይደርሳሉ። ይህ ትንሽ የተጋነነ ነው። የሊድ ባትሪ ከባድ ነው፣ እንክብካቤ ይፈልጋል፣ ቶሎ ያረጃል፤ የቤንዚን ሞተር ደግሞ በየዓመቱ እየተሻሻለና እየረከሰ ነበር። የንግድ ውድድሩን ኤሌክትሪኩ በንጹሕ እጅም ቢሆን ላያሸንፍ ይችላል። ነገር ግን አንድ ማስረጃ አለ፤ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ከለንደኖቹ አውቶቡሶች ስምንቱ ተሽጠው በደቡብ እንግሊዝ ባሕር ዳርቻ ወዳለችው ብራይተን ከተማ ሄዱ። እዚያ እስከ 1917 ድረስ ሠሩ። አውቶቡሱ ያው፣ ባትሪው ያው፤ የተለወጠው ባለቤቱና ከተማው ነው። ለንደን ላይ ሦስት ዓመት ያልሞላው አገልግሎት ብራይተን ላይ የዓለም ጦርነት ተጀምሮ እስኪጋመስ ድረስ ቆየ።

ከዚያ በኋላ ኤሌክትሪክ ከከተማ ትራንስፖርት ጨርሶ አልጠፋም፤ ከባትሪ ወጥቶ ወደ ሽቦ ተዛወረ። ከላይ በተዘረጋ ሽቦ የሚሄደው ትሮሊባስ ባትሪ መሸከም አያስፈልገውም፤ ኃይሉን እየሄደ ይወስዳል። ለንደን ከ1931 እስከ 1962 ድረስ በዓለም ትልቅ ከሚባሉት የትሮሊባስ መረቦች አንዱን ይዛ ነበር። ሞስኮ ከ1933 እስከ 2020 ድረስ በትሮሊባስ ተጓጓዘች። የትሮሊባስ ችግር ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ሽቦው ለከተማ አስተዳደር የቋሚ ወጪ ነው፤ መስመሩን መለወጥ ያስቸግራል፤ መንገድ ሲቆፈር ሁሉም ይቆማል። ናፍጣ ርካሽ በነበረበት ዘመን ብዙ ከተሞች ሽቦውን ነቀሉት። ዛሬ የሚቆጩ አሉ።

ከሚቆጩት ውስጥ ሊቆጠር የሚገባው ከተማ የአሜሪካዋ ፊላደልፊያ ነው። በደቡብ ፊላደልፊያ 29 እና 79 ቁጥር የተባሉ ሁለት መስመሮች ለአሥርት ዓመታት በትሮሊባስ ሲሠሩ ቆይተው በ2003 ቆሙ፤ በናፍጣ ተተኩ። ከዓመታት በኋላ የከተማው የትራንስፖርት ድርጅት አዲስ የባትሪ አውቶቡስ ልሞክር ሲል የመረጠው እነዚህኑ መስመሮች ነበር። ምርጫው በወረቀት ላይ ትክክል ነው፤ መስመሮቹ አጭርና ሜዳማ ናቸው። ፕሮቴራ ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ 25 አውቶቡሶች ተገዙ፤ ወጪው ወደ 24 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል። በ2019 ሥራ ጀመሩ። በ2020 መጀመሪያ ላይ ሁሉም ከመንገድ ተነሱ፤ ከባዱን ባትሪ የተሸከመው አካላቸው ላይ ስንጥቅ ስለተገኘ ነው።

ስንጥቁ በራሱ የፋብሪካ ስህተት ነው፤ ይታረማል። የከፋው ሌላ ነበር። በእነዚያ መስመሮች አንድ አውቶቡስ በቀን 160 ኪሎ ሜትር ገደማ መሄድ ይጠበቅበታል። አውቶቡሶቹ አንዴ ተሞልተው የሚሄዱት ከ50 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ብቻ ሆኖ ተገኘ። መሐል ላይ የሚሞሉበት ቦታ ደግሞ አልተዘጋጀም። ስለዚህ ጠዋት የወጣው አውቶቡስ ከሰዓት ሌላ አውቶቡስና ሌላ ሾፌር ይፈልጋል። በ2022 ከቆሙት አንዱ ዴፖ ውስጥ ባትሪው በእሳት ተያያዘ። በ2023 ኩባንያው የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። አሁን መለዋወጫ ከማን ይገዛል? ይህን ሁሉ ሲያስቡት፣ ሽቦው እዚያው መስመር ላይ ተዘርግቶ እንደነበር ማስታወስ ያማል።

የአልበከርኪ ከተማ ታሪክም ተመሳሳይ ነው፤ እዚያ ሻጩ የቻይናው ቢዋይዲ ነበር። በ2018 ለአዲሱ ፈጣን አውቶቡስ መስመር የመጡት አሥራ አምስት አውቶቡሶች በውሉ የተጻፈውን ርቀት ማሟላት አልቻሉም፤ ከሌሎች ጉድለቶች ጋር ተደምሮ ከተማው መልሶ ላካቸው። በምትካቸው ናፍጣ ተገዛ።

የባትሪ አውቶቡስ ተጠራጣሪዎች ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማሉ። «ይኸው አሜሪካ እንኳ አልቻለችም» ይላሉ። ግን ያው ቢዋይዲ በገዛ ከተማው የሠራውን ሳያዩ ማቆም አግባብ አይደለም።

ሼንዘን በደቡብ ቻይና ከሆንግ ኮንግ አጠገብ ያለች ከተማ ናት። በ2017 መጨረሻ የከተማዋ አውቶቡሶች በሙሉ፣ ቁጥራቸው 16,359፣ በባትሪ የሚሄዱ ሆኑ። ይህን ያህል አውቶቡስ በአንድ ከተማ ሙሉ በሙሉ የቀየረ ከዚያ በፊት አልነበረም። ቁጥሩ በየጊዜው ይጠቀሳል፤ እንዴት እንደተደረሰበት ግን ብዙም አይነገርም።

አንደኛ ነገር ሼንዘን አልቸኮለችም። የሙከራው ዘመን የጀመረው በ2009 ነው፤ የቻይና መንግሥት በተመረጡ ከተሞች የኤሌክትሪክ መኪና እንዲሞከር ያወጣው ፕሮግራም አካል ነበር። በ2011 ከተማዋ የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ስፖርት ውድድር ስታዘጋጅ በርከት ያሉ የኤሌክትሪክ አውቶቡሶች ወጡ። ጅምላ ግዢው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ በ2015 እና በተከታዮቹ ሁለት ዓመታት። እስከዚያ ድረስ ሾፌሩም፣ መካኒኩም፣ የመብራት ኃይሉም ሰው ሥራውን ለምዶታል።

ሁለተኛው ገንዘቡ ነው። የአንድ አውቶቡስ ዋጋ 1.8 ሚሊዮን ዩዋን ገደማ ነበር፤ ከግማሽ በላዩን የሸፈኑት ማዕከላዊው መንግሥትና ከተማው ናቸው። ድርጅቶቹ የቀረውንም በአንድ ጊዜ አልከፈሉም፤ በኪራይ ግዢ መልክ በየዓመቱ ነው የሚከፍሉት። ከሁሉ በላይ ደግሞ አምራቹ ለባትሪውና ለሞተሩ የስምንት ዓመት ዋስትና ሰጠ። ስምንት ዓመት ማለት አውቶቡሱ በአገልግሎት የሚቆይበት ዕድሜ በሙሉ ነው። ባትሪው ከተጠበቀው በላይ ቢደክም የአውቶቡስ ድርጅቱ ኪስ አይነካም፤ የሻጩ ራስ ምታት ነው። ፊላደልፊያና ሼንዘን የሚለያዩት በዚህ ነው፤ ባትሪ ከተጠበቀው በታች ሲሆን ማን ይጎዳል የሚለው ጥያቄ አንዱ ጋ አስቀድሞ መልስ አግኝቷል።

ሦስተኛው ዴፖው ነው። አውቶቡሶቹ ሌሊት፣ የኤሌክትሪክ ዋጋ ርካሽ በሆነበት ሰዓት ይሞላሉ። አንዴ የተሞላው ቀኑን ሙሉ የሚያስኬድ ስለሆነ ስምሪቱ ብዙም አልተናጋም። የከተማዋ አየር ሞቃት በመሆኑ እንደ ሞስኮ የክረምት ጣጣ የለባትም። ሞስኮ የኤሌክትሪክ አውቶቡሶቿ ውስጥ ተሳፋሪ እንዳይበርደው የምታሞቀው በናፍጣ ነው፤ ባትሪው ለማሞቂያም ለመንጃም አይበቃማ!

የሼንዘን ታሪክ ንጹሕ ገድል እንዳይመስል አንድ ነገር መጨመር አለበት። የቻይና መንግሥት ድጎማ በዝቶ ሲፈስ የሌህዌስ መንፈስ ተነሳ። በ2016 የአገሪቱ ገንዘብ ሚኒስቴር አምስት ኩባንያዎች ከ1 ቢሊዮን ዩዋን በላይ ድጎማ አጭበርብረው መውሰዳቸውን ይፋ አደረገ። ከነሱ ውስጥ ያልተሠራ አውቶቡስ ተሠርቶ ተሸጧል ብሎ ወረቀት የሞላ ነበረበት። ከለንደን 31,000 ፓውንድ እስከ ቻይና ቢሊዮን ዩዋን ዘዴው አንድ ነው፤ አዲስ ቴክኖሎጂ፣ በቅድሚያ የሚከፈል ገንዘብ፣ ቆጥሮ የማይረከብ ሰው። ልዩነቱ ቻይና ውስጥ አጭበርባሪዎቹ ቢኖሩም በየከተማው የሚሮጥ አውቶቡስም መኖሩ ነው።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንምጣ። ከተማዋ በዚህ ጉዳይ ሁለት የማይታዩ ጸጋዎች አሏት፤ ሁለቱንም የሚጠቅስ ሰው ብዙ የለም።

የመጀመሪያው አየሩ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ይልቅ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። የናፍጣ ሞተር ለማቃጠል አየር ይፈልጋል፤ አየር ሲሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ሰው ጢም አድርጎ የጫነ አሮጌ አውቶቡስ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ የሚተፋው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግም። ከፍታው ለሱ ምኑም አይደለም። ሁለተኛው ጸጋ የአየር ጠባዩ ነው፤ ማሞቂያም ማቀዝቀዣም ሳይከፈት መሄድ ይቻላል። የሞስኮ ጣጣ እዚህ የለም።

ዳገቱስ? ተጠራጣሪው ጎራ ዳገትን የሚያነሳው በትክክል ነው፤ ግን ማስላት ያስፈልጋል። ከነሰዉ 18 ቶን የሚመዝን አውቶቡስ ከአቃቂ ሜዳ ተነስቶ ወደ እንጦጦ ግርጌ ቢወጣ ከ400 ሜትር በላይ ከፍታ ይጨምራል። ያን ክብደት 400 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት የሚያስፈልገው ጉልበት ብቻውን 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። በሜዳ ላይ ይህን የመሰለ አውቶቡስ በኪሎ ሜትር አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ለ20 ኪሎ ሜትር መንገድ ዳገቱ ፍጆታውን እጥፍ ሊያደርገው ይችላል። ይህ የሚወጣው ወጪ ነው። ሲወርድ ደግሞ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ ፍሬን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል፤ ከከፈለው ጥሩ ድርሻ ያስመልሳል። የናፍጣ አውቶቡስ ቁልቁለት ላይ የሚያገኘው የፍሬን ሸራ ማለቅ ብቻ ነው።

እዚህ ጋ አንድ የማይታሰብ ወጥመድ አለ። አውቶቡሱ የሚያድረው ከፍታ ቦታ ላይ ከሆነና ሌሊቱን ባትሪው ጢም ብሎ ተሞልቶ ጠዋት ቁልቁል ከጀመረ፣ የሚመለሰው ኃይል የሚገባበት ቦታ የለም። የተሞላ እንስራ ላይ ውኃ መጨመር ነው። ስለዚህ ዴፖው ላይ ይሁን ታች፣ ባትሪውስ ሌሊት እስከ ስንት ይሞላ የሚለው ከመስመሩ ጋር አብሮ የሚወሰን ጉዳይ ነው። ፋብሪካው በብሮሹሩ ላይ የጻፈው ርቀት ይህን አያውቅም፤ የተለካው ሜዳ ላይ ነው።

መብራቱን በተመለከተም ሁለቱም ጎራ በተሳሳተ ቦታ ይሟገታሉ። መቶ አውቶቡስ እያንዳንዱ በሌሊት 200 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢሞላ በጠቅላላው 20,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ይህ በስድስት ሰዓት ውስጥ ይለቅ ቢባል ዴፖው 3.3 ሜጋ ዋት ያህል ይፈልጋል። የህዳሴ ግድብ አቅም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ከሺህ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ «ኃይል አለን ወይ?» የሚለው ጥያቄ ያለቀለት ነው። አለ። ችግሩ ከግድቡ እስከ ዴፖው አጥር ያለው የመጨረሻው መንገድ ነው። 3.3 ሜጋ ዋት የሰፈር ትራንስፎርመር የሚችለው ጭነት አይደለም፤ የራሱ መስመርና የራሱ ማከፋፈያ ይፈልጋል። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት መብራት ቢጠፋ ደግሞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መገናኛ የሚሰለፈው ሕዝብ የሚያገኘው ግማሽ የተሞላ አውቶቡስ ነው። የናፍጣ ዴፖ በበርሜል ነዳጅ ያስቀምጣል፤ የባትሪ ዴፖ መጠባበቂያው ምንድን ነው?

የቀላል ባቡሩ ታሪክ እዚህ ላይ መነሳት አለበት፤ ኤሌክትሪክ በሕዝብ ትራንስፖርት ውስጥ ለአዲስ አበባ አዲስ አይደለምና። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 475 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል፤ 41 ባቡሮች ነበሩት፤ የራሱ የኃይል ማከፋፈያዎችም ተሠርተውለታል። ማለትም ከላይ የተነሳው የመብራት ጥያቄ አብዛኛው መልስ አግኝቶ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን የሚሠሩት ባቡሮች ከግማሽ በታች ወረዱ። ያቆማቸው የመለዋወጫ እጦት ነው፤ መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ ነው የሚገዛው፤ ከ2 እስከ 6 ብር ይከፍል ከነበረው ተሳፋሪ ደግሞ ያ ምንዛሪ አይገኝም ነበር። ባቡሩ ዘመናዊ ነው ወይ የሚል ጥያቄ በዚህ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። የባትሪ አውቶቡስ ተንቀሳቃሽ አካሉ ከናፍጣው ያነሰ ነው፤ ዘይት የለው፣ ማርሽ የለው፣ ኖዝል የለው። በዚህ ይሻላል። ነገር ግን የሚበላሸው ነገር ሲበላሽ መርካቶ ሄዶ የሚገዛ፣ ሶማሌ ተራ ተፈልጎ የሚገኝ አይደለም። የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ነው፣ ሶፍትዌር ነው፣ የባትሪ ክፍል ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ ዋናው ጥያቄ ሲመጣ፣ የባትሪ አውቶቡስ ለከተማ መስመር ይሆናል ወይ ለሚለው፣ ታሪኩ የሚሰጠው መልስ «ለየትኛው መስመር?» የሚል ነው። የባትሪ አውቶቡስ ሲገዛ ውድ፣ ሲነዳ ርካሽ ነው። ዋጋውን የሚመልሰው ብዙ ኪሎ ሜትር ከሄደ ብቻ ነው። በሌላ በኩል ባትሪው በቀን የሚሄደውን ርቀት ይገድበዋል። ትርፉ ያለው በእነዚህ ሁለቱ መሐል ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሕዝብ በማይጠፋበት፣ መካከለኛ ርዝመት ባለው፣ ዴፖው በቅርብ በሆነ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አውቶቡሱ የራሱ መንገድ ባለው መስመር ላይ። ውዱ አውቶቡስ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ከሚኒባስና ከሲኖትራክ ጋር ተጋፍቶ ግማሽ ቀኑን ቆሞ ካሳለፈ፣ እርግጥ ነው እንደ ናፍጣው ቆሞ ነዳጅ አያቃጥልም፤ ግን የተገዛበትን ብድርም አይከፍልም። በቀን 80 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚሄድ የባትሪ አውቶቡስ ሒሳቡ ከናፍጣ ጋር ሊወዳደር አይችልም። ስለዚህ ቀለም ቀብቶ የአውቶቡስ ብቻ መንገድ መለየት ከባትሪው ጋር ምንም የማይገናኝ ቢመስልም ከቻርጀሩ እኩል የግዢው አካል ነው።

ከክፍለ ከተማ ወጥተው ወደ ሸገር ዙሪያ የሚዘልቁት ረጃጅም መስመሮች ለጊዜው ናፍጣ ላይ ቢቆዩ የሚያሳፍር አይደለም። ሼንዘንም ሁሉንም በአንድ ቀን አልቀየረችም። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመቀየር የሚደረግ ሩጫ ሪባን ለመቁረጥ ያምራል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ግን አጥር ጥግ የቆሙ አውቶቡሶችን መቁጠር ይመጣል።

ይህ ሁሉ አሁን የሚነሳው በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ የኤሌክትሪክ አውቶቡሶች መታየት ስለጀመሩ ነው፤ ወደፊትም በብዛት መግባታቸው አይቀርም። በምረቃው ቀን የሚነገረው የአውቶቡሱ ቁጥር፣ የወንበሩ ምቾትና የዋይፋዩ መኖር ነው። ከተማዋ የሚያስፈልጋት ግን ውሉ ላይ የተጻፈው ነው። ባትሪው በአምስተኛው ዓመት ከመነሻ አቅሙ ስንት በመቶ እንዲኖረው ሻጩ ተስማምቷል? ከዚያ ከወረደ ማን ይቀይራል፣ በብር ነው ወይስ በዶላር? ርቀቱ የተለካው የት ነው፤ በፋብሪካው ሜዳ ወይስ ሰው ተጭኖ ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ? ክፍያው በስንት ዙር ነው፣ የመጨረሻው ዙር የሚከፈለውስ አውቶቡሱ ስንት ወር መንገድ ላይ ከሠራ በኋላ ነው? የዴፖው ማከፋፈያ ከአውቶቡሶቹ ቀድሞ ያልቃል ወይስ አውቶቡሶቹ ጅቡቲ ከደረሱ በኋላ ይጀመራል? እነዚህን የያዙ ገጾች ለሕዝብ እንዲወጡ መጠየቅ የምክር ቤት አባላትም፣ የጋዜጠኞችም፣ በየፌርማታው የሚሰለፈው ተሳፋሪም መብት ነው። በ1906 የለንደን ጋዜጠኞች የባሮኑን የፈጠራ መብት ገልጠው ያነበቡት አክሲዮኑ በተሸጠበት ሰሞን ነበር፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን ያስመለሰውም በዚያ ምክንያት ነው።